ከጂብሰሙ ጀርባ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩትም፣ ለእህቴ አልነገርኳትም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩበት ምክንያት ቀላል ነው፤ የእኔ ንስሐ አባት የእትዬ አስካለም ንስሐ አባት ናቸው። ሰበታ እንዲህ ናት። ምስጢር እንደሚጠብቁ አውቃለሁ፤ ግን የእኔን ጉድ ሰምተው በማግስቱ እትዬ አስካለን መስቀል ሲያሳልሙ ቆሜ ማየት አልቻልኩም። ስለዚህ ለእናንተ እናገራለሁ። አታውቁኝም፣ አላውቃችሁም። ስገጂ ጹሚ አትሉኝም። ለእኔ ዓይነቷ የሚመቸው ይኼ ነው፤ ፈሪ ነኝ።

ሥራዬ ዲኮር ነው። ሰዎች ኢንጂነር ብርቄ ይሉኛል፤ አይደለሁም፤ አላርማቸውምም። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ ውስጥ ካፌ፣ ፋርማሲ፣ ልብስ ቤት ሲከፈት ውስጡ ምን እንደሚመስል የማቅደው እኔ ነኝ። ባንኮኒው የት ይቁም፣ መብራቱ ምን ላይ ይውደቅ፣ ሰው ከበር ሲገባ መጀመሪያ ዓይኑ ምን ላይ ይረፍ፣ ምኑን ሳያይ ይለፍ፣ ይኼን ሁሉ ወረቀት ላይ የምወስነው እኔ ነኝ። ወንበር ስመርጥ እንኳን ተንኮል አለብኝ፤ ደንበኛ ቶሎ ቶሎ እንዲነሳለት ለሚፈልግ ባለቤት፣ ትንሽ ሲቆዩበት ወገብ የሚይዝ ወንበር አመጣለታለሁ። እሱም ይመርቀኛል። የሚደበቅ ነገር ካለ ደግሞ ጂብሰም አለ። የተሰነጠቀ ግድግዳ፣ የዛገ ቱቦ፣ የተንዘላዘለ ሽቦ፣ ሁሉም ከጂብሰም ጀርባ ይገባል፤ ላዩ ስቱኮ ይደረግና ነጭ ይቀባል፤ ሰው ገብቶ «ሲያምር» ይላል። ይህን የምነግራችሁ ሙያዬን ላስተዋውቅ አይደለም። ያደረግኩትን ያደረግኩት በዚሁ ሙያዬ ስለሆነ ነው።

እትዬ አስካለ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ነበራቸው። የሾፌር፣ የረዳት፣ የጫኝና አውራጅ፣ የገበያተኛ ሻይ ቤት። ባላቸው ጋሽ ቱፋ ሰዓሊ ነበሩ። ሰዓሊ ስል በፍሬም የሚሰቀል ነገር የሚሥሉ እንዳይመስላችሁ፤ ሥጋ ቤት በር ላይ በሬ፣ ጸጉር ቤት መስታወት ላይ ሹሩባ፣ ጎሚስታ ደጃፍ ላይ ጎማ ነበር የሚሥሉት። የሚስታቸው ሻይ ቤት ረጅሙ ግድግዳ ላይ ግን ደንበኞቹን ሣሉ። በዘይት ቀለም፣ በሰው ልክ፣ ጠረጴዛ ከብበው ሻይ ሲጠጡ። ከበር ሲገቡ ቤቱ ግድግዳው ውስጥ የሚቀጥል ይመስል ነበር። በየጊዜው አንድ ሁለት ሰው ይጨምሩበታል። እዚያ ላይ ለመሣል ሀብትም ሹመትም አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው በየቀኑ መምጣት ብቻ ነው።

ከተሣሉት አንዱ ሲሞት ጋሽ ቱፋ ሰውየውን አይነኩትም። ፊቱ ያለውን ብርጭቆ ብቻ አጥፍተው፣ ተደፍቶ ይሥሉታል። ከዚያ አርባው ከወጣ በኋላ የሟች ቤተሰብ ይመጣል፤ ከሥዕሉ ሥር ካለው ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ እትዬ አስካለ ሻይ ይቀዱለታል፤ ጠጥቶ ሲጨርስ የራሱን ብርጭቆ ሳህኑ ላይ ደፍቶ ይሄዳል። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያደርገው ነበር። ጋሽ ቱፋ ራሳቸውን የሣሉት ግድግዳው ጫፍ ላይ ነው፤ ቆመው፣ ብሩሽ ጆሯቸው ላይ ሰክተው። እሳቸው ሲሞቱ ብርጭቋቸውን የሚደፋ ሰው አልተገኘም። ሌላ ሰው እንዲነካው እትዬ አስካለም አልፈቀዱም። ሁልጊዜ ጠዋት ቤቱን ሲከፍቱ መጀመሪያ ወደዚያ ጫፍ ሄደው «አካም ቡልቴ ቱፋ» ይሏቸዋል፤ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። ከዚያ በኋላ ነው ምድጃ የሚለኩሱት።

አባቴም እዚያ ግድግዳ ላይ ነበር።

አባቴ በዳዳ አናጢ ነበር፤ ይጠጣም ነበር። ጠጥቶ የሚመጣው ወደ እትዬ አስካለ ቤት ነው፤ ሻይ አዝዞ ሳይጠጣው ጠረጴዛው ላይ ይተኛል። ጋሽ ቱፋም እንደሚያውቁት ሣሉት፤ ራሱን ክንዱ ላይ ጥሎ፣ አፉን ከፍቶ፣ ባርኔጣው ወድቆ። እንግዲህ አስቡት። እኔ በዚያ በር በኩል ነው ትምህርት ቤት የምሄደው። ልጆቹ ስም አወጡልኝ፤ የግድግዳው ልጅ። «ብርቄ፣ አባትሽን ቀስቅሺው እንጂ፣ መሸ» ይሉኛል። ልብሴ ንጹሕ ነበር፣ ከክፍል አንደኛ እወጣ ነበር፣ ምን ዋጋ አለው? አባትሽ ማነው ሲባል ጣት የሚቀሰረው ወደዚያ ግድግዳ ነው።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ አባቴ ሞተ። አርባው ወጥቶ እኔና እናቴ ሄደን ከሥሩ ተቀመጥን። ብርጭቆው ተደፍቷል፤ እሱ ተኝቷል። ከወዲያ ማዶ ጠረጴዛ አንድ ረዳት ቀና ብሎ አየና «ይኼ ሰውዬ ሞቶም አልነቃ» አለ። ቤቱ ሳቀ። እናቴ አንገቷን ደፋች። እኔ ወደ ባንኮኒው ዞርኩ። እትዬ አስካለ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ይስቃሉ። ያመለጣቸው ሳቅ ነው፤ አሁን ሳስበው ወዲያው ደንግጠዋል፣ ለእናቴም ሁለተኛ ሻይ ይዘው መጥተዋል። ያን ጊዜ ግን ያየሁት ሳቁን ብቻ ነው፤ ያዝኩት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ እንደውም አበላሁት፣ አጠጣሁት፣ አሳደግኩት። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት የሚሉትን እየሰማሁ፣ እየጾምኩ፣ እያስቀደስኩ አሳደግኩት። እሳቸው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጉንጬን እየሳሙ «የበዳዳ ልጅ፣ እደጊ» ይሉኝ ነበር። አደግኩ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። ከእትዬ አስካለ ፊት ለፊት ሁለት ካፌ ተከፈተ፤ አንዱን ያቀድኩት እኔው ነኝ። መስታወት፣ ሴራሚክ፣ ከጣሪያ የሚወርድ መብራት። ጭስ የጠቆረው ሻይ ቤት ባዶ ቀረ። አንድ ቀን እትዬ አስካለ ቢሮዬ ድረስ መጡ፤ ቢሮ ስል አንዲት ኮንቴይነር ናት። ቁጭ አሉና «ልጄ፣ ሰው ሸሸኝ። የኔንም ቤት እንደዚያኛው አድርጊልኝ» አሉኝ። ከዚያ እጄን ያዙኝ። «ግድግዳው ግን እንዳይነካ። ሌላውን እንደፈለግሽ አድርጊው። ቱፋ እዚያ ነው። እነዚያ ሁሉ ሰዎች እዚያ ናቸው። አባትሽም እዚያ ነውና ከሌላ ሰው እጅ ባንቺ እጅ ይሁን ብዬ ነው።»

ምን ብዬ መለስኩ? በጣም ጨዋ ሆንኩ። ወረቀት አወጣሁና ግድግዳውን ሣልኩላቸው። ይኸው ግድግዳው፣ ከፊቱ አራት ጣት ርቆ የብረት ፍሬም ይቆማል፣ ፍሬሙ ላይ ጂብሰም ይታሰራል፣ ሥዕሉ ከጀርባው እንዳለ ይቀመጣል፣ የፈለጉ ቀን ይከፈታል አልኳቸው። በሙያው ትክክል ነው፤ ይቻላል። ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን አዩት። «ይተነፍሳል ወይ?» አሉኝ። «ይተነፍሳል እትዬ» አልኳቸው። የተከራከሩኝ በአንድ ነገር ብቻ ነው። የእጅ መታጠቢያውን በዕቅዴ ወደ ጓሮ በር ወስጄው ነበር፤ እሳቸው ደንበኛው የለመደው እዚያው ሥዕሉ ያለበት ግድግዳ ጫፍ ላይ ነው፣ አይነሳ አሉ። ተስማማሁ። ይህን የእጅ መታጠቢያ አስታውሱልኝ።

ያን ዕቅድ ስሥል ምንም አላሰብኩም ነበር፣ በኋላ ነው ሰይጣን ያሳሳተኝ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። ውሸት ነው። አስቤ ነበር። አራት ጣት ብዬ ስጽፍ የማደርገውን አውቅ ነበር።

ከድር የሚባል ጂብሰም የሚያስር ባለሙያ አለኝ፤ ብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ብዙ የማያወራ፣ ሥራው የማይነቀፍ ሰው ነው። እሱን ቡራዩ አንድ ፋርማሲ ጣሪያ አለ ብዬ ላክሁት። እትዬ አስካለን «አቧራው ደረትዎን ያሳምምዎታል» ብዬ ወደ ተጂ ሄደው እህታቸው ዘንድ እንዲሰነብቱ አደረግኩ። «እናቴ እንኳን እንዲህ አታስብልኝም» ብለው መረቁኝና በሚኒባስ ሄዱ። በሩን ከውስጥ ዘጋሁ። ጠዋት ነበር፣ ብሩህ ቀን። ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ ፍሪጁ ሁሉ ወጥቷል። ግድግዳ በሚፍቀው ማሽን፣ በግራይንደሩ ላይ ሻካራውን ዲስክ አሰርኩ።

መጀመሪያ ማንን ያጠፋሁ ይመስላችኋል? አባቴን? እሱማ ቢሆን ምናልባት የሚገባው ሰው ይገኝ ነበር። መጀመሪያ ያጠፋሁት ጋሽ ቱፋን ነው። ከፊታቸው ጀመርኩ። ከዓይናቸው። እትዬ አስካለ ጠዋት ጠዋት የሚያዩት እሱን ስለሆነ ነው። እኔ ነኝ ያደረግኩት፤ ማሽኑ አይደለም፣ ልጅነቴ አይደለም፣ የዚያ ረዳት ቀልድ አይደለም። እኔ፣ በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ መነጽርና ማስክ አድርጌ። ጆሯቸው ላይ ያለችውን ብሩሽ አጠፋኋት። ያልተደፋችውን ብርጭቆ አጠፋኋት። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ። ባለጋሪውን፣ ቆዳ ነጋዴውን፣ ሁለቱን መንታ ሾፌሮች፣ ስሟን የማላውቃትን ሽንኩርት ነጋዴ። ደስ ብሎኝ ነበር። መደበቅ አልችልም፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቀለሙ እየበነነ ሸሚዜ ላይ ሲያርፍ እያዜምኩ ነበር።

አባቴን ለመጨረሻ አስቀምጬዋለሁ።

እዚያ ስደርስ ዝቅ አልኩ። አጭሩ ፍሪጅ ዕድሜውን ሙሉ የቆመው እዚያ ነበር፤ ሶኬቱ እዚያ ስለሆነ። ከኋላው ያለውን የግድግዳውን ታች በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። ጭስ ስላልነካው ቀለሙ ትናንት የተቀባ ይመስላል። አባቴ ጠረጴዛው ላይ የጣለው አንድ ክንዱን ነው። ሌላኛው ክንዱ ወደ ታች ይወርድና አግዳሚው ላይ ከጎኑ የተቀመጠች ልጅን አቅፏል። ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሁለት ቁንዳላ ተሠርታለች። በአንድ እጇ የኮቱን ኪስ ጨብጣለች። እሱ ተኝቷል፤ እሷ ነቅታ በሩን እያየች ነው። ፊቷ ትንሽ ብርጭቆ አለች፤ ያልተደፋች።

ኮቱን አውቀዋለሁ። ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ መጋዝ ያወጣው ብናኝ ነበር፤ ጣቴ ላይ ይቀር ነበር። ያቺ ልጅ እኔ ነኝ።

ማሽኑን አጠፋሁት። ቁጢጥ ብዬ አየኋት። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ የተቀዳ ሻይ ቢኖር ይቀዘቅዝ ነበር። አልቅሻለሁ ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አላለቀስኩም። ያሰብኩት ሌላ ነገር ነው። ያን ሁሉ ሰው ፍቄ እነዚህን ሁለቱን ብቻ ብተዋቸው፣ አንድ ቀን ሲከፈት ማን እንዳደረገው ይታወቃል። ይህን ነው ያሰብኩት። እንደ ባለሙያ ነው ያሰብኩት። ማሽኑን አስነሳሁና ከልጅቷ ፊት ጀመርኩ። ከላይ አባቴን ለመጨረሻ አስቀመጥኩት ብዬ ስናገር እናንተም ትንሽ ሳታዝኑልኝ አልቀራችሁም፤ የሰካራም ልጅ ናት፣ ሲሳለቁባት ያደገች ናት ብላችሁ። አትዘኑ። አይቼዋለሁ፤ እንዳቀፈኝ አይቼ፣ አውቄ፣ አጠፋሁት።

ከዚያ ጠረግኩ። ያ ሁሉ ሰው ግማሽ ማዳበሪያ አልሞላም። ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች በላስቲክ ሸፈንኩትና በምስማር መታሁት። ልኬት ስወስድ በስልኬ ያነሳሁት ፎቶ ነበር፤ ሥራ ስጀምር ሁልጊዜ ቤቱን እንደነበረ አነሳለሁ። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አጠፋሁት። ወር ቆይተው እትዬ አስካለ «አንስተሽው አልነበር፣ አንዷን አሳጥቢልኝ» ሲሉኝ ስልኬ ተሰረቀ አልኳቸው። ለስልኬ አዘኑልኝ።

ከድር ተመልሶ ላስቲኩን ሲያይ «ወላሂ ጥሩ አደረግሽ፣ እርጥበት አይነካውም» አለኝ። እሱ ፍሬሙን አቆመ፣ ጂብሰሙን አሰረ፣ ላዩ ነጭ ተቀባ። ቤቱ አማረ። ይህን ልክድ አልችልም፤ ከሠራኋቸው ቤቶች ሁሉ ያማረው እሱ ነው። ሰው ተመለሰላቸው።

እትዬ አስካለ ግን ጠባያቸውን አልለወጡም። ጠዋት ሲከፍቱ ወደ ነጩ ግድግዳ ጫፍ ሄደው መዳፋቸውን ያሳርፋሉ፤ «አካም ቡልቴ ቱፋ»። ከሥሩ ምንም የሌለበት ጂብሰም። የሚነኩት ቦታ በመዳፋቸው ልክ ቡናማ ሆነ። ሁለት ጊዜ በነጻ ቀባሁላቸው። በሦስተኛው ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? «እትዬ፣ ግድግዳውን እያቆሸሹት ነው፤ ደንበኛ ያያል» አልኳቸው። አፍረው እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ ደበቁ። ከዚያ በኋላ እጃቸውን ታጥበው፣ በነጠላቸው አድርቀው፣ በእጃቸው ጀርባ መንካት ጀመሩ።

እኔ ደግሞ ሥራ አገኘሁበት። የሰበታዋ ዲኮሬተር ግድግዳ ሙሉ ሥዕል ሳትነካ ጠብቃለች የሚል ወሬ ዞረ። ሱሉልታ አንድ ባለሀብት ትልቅ ሆቴል ሲከፍቱ «የሰው ትዝታ የምታከብር ልጅ ናት» ብለው ጠሩኝ። እኔም አላፈርኩ፤ ይዣቸው መጥቼ እትዬ አስካለ ታሪኩን እንዲነግሯቸው አድርጌያለሁ። ነጩ ግድግዳ ሥር ተቀምጠን ሻይ ጠጣን። እትዬ አስካለ እያመሰገኑኝ ሲናገሩ አንገቴን ሰበር አድርጌ እሰማ ነበር።

ዘንድሮ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና ቤቱ ላይ ቀይ ምልክት ተደረገ። ያኔ ደወሉልኝ። ስለ ቤቱ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። «ቤቱ ይሂድ፤ ሱሉልታ ልጄ ዘንድ እገባለሁ። ቱፋን ብቻ አውጪልኝ» አሉኝ። ሁሉንም አስበውታል። አርብ ጂብሰሙ ይከፈታል። እሑድ የተሣሉት ሰዎች ቤተሰቦች ሁሉ መጥተው ያያሉ፤ ለየቤታቸው ተነግሯቸዋል፤ ከዚያ ግድግዳው እየተቆረጠ ለየባለቤቱ ይሰጣል። ብሎኬት የሚቆርጥ ሰው ሳይቀር አነጋግረዋል። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦ «ያንቺንና የአባትሽን ለራስሽ ነው የምሰጥሽ። ፍሪጁ ሸፍኖሽ ኖረ እንጂ አንቺም አለሽበት። በዳዳ ሞቅ ሲለው አንቺን ይዞ መንገድ ማቋረጥ ይፈራ ነበር። እስኪበርድለት ነበር እኔ ቤት የሚተኛው። ይህን ሳልነግርሽ እንዳልሞት ብዬ ነው።»

ይህን የነገሩኝ ረቡዕ ነው። እስከ አርብ ጊዜ ነበረኝ። ሐሙስ በበራቸው ሦስት ጊዜ አልፌያለሁ። ያዘጋጀሁት ግን እውነቱን አልነበረም፤ አንዲት ቃል ነበር። እርጥበት።

አርብ ጠዋት ከድር ብሎኖቹን ፈታ። ቦርዱን አንድ በአንድ አወረደ። እትዬ አስካለ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ከቅርብ ካልሆነ አያዩም። ከድር ላስቲኩን ሲገሸልጠው ቆም አለ። ስሚንቶው ላይ ከዳር እስከ ዳር የግራይንደር ዲስክ የሳለው ክብ ክብ መስመር ነበር። መሣሪያ የያዘ ሰው አይስተውም። ከድር ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ ላስቲኩን አየ። 

«ምነው ዝም አላችሁ?» አሉ እትዬ አስካለ። ተነስተው መጡ። ወደ ጫፉ ሄዱ፣ እንደልማዳቸው። መዳፋቸውን አሳረፉ። ወደ ላይ ወሰዱት፣ ወደ ታች ወሰዱት፣ ወደ ጎን። ፊታቸውን አስጠጉ። «የታለ?» አሉኝ።

«እርጥበት በልቶታል እትዬ» አልኳቸው።

ጣታቸው መስመሮቹን አገኘ። «ይኼ ክብ ክቡስ ምንድን ነው?»

«ውሃው የሄደበት ነው» አልኳቸው።

ጣታቸውን ከመስመሮቹ አነሱ። ከዚያ ራሳቸውን ቀስ ብለው ወደ እጅ መታጠቢያው አዞሩ። ከእጅ መታጠቢያው በላይ ግድግዳው እውነትም ትንሽ ሻግቶ ነበር። «እኔ ነኝ» አሉ። «አንቺ ወደ ጓሮ ይሂድ ብለሽኝ ነበር። በወረቀት ሥለሽ አሳይተሽኝ ነበር። እዚሁ ይሁን ብዬ ድርቅ ያልኩት እኔ ነኝ። አንቺማ ላስቲክ ሁሉ አልብሰሽው ነበር።» ግድግዳውን ተደግፈው ቁልቁል ወርደው መሬት ላይ ተቀመጡ። «ቱፋን በውሃ የገደልኩት እኔ ነኝ።»

አፌን ከፍቼ ብናገር ኖሮ በዚያች ደቂቃ ያበቃ ነበር። አልተናገርኩም። ከድር መሣሪያውን ሰብስቦ፣ የቀኑን ሂሳብ ሳይጠይቅ፣ በሩን ሳይዘጋ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስልኬን አያነሳም። ለምን እንዳልተናገረ አላውቅም። ምናልባት መናገር ያለብኝ እኔ ስለሆንኩ ይሆናል።

ምክንያት አልሰጣችሁም። ያንን ሳቅ ቀደም ብዬ የነገርኳችሁም ምክንያት እንዲሆነኝ ነበር፤ መልሼ ወስጄዋለሁ። በአንዲት ሳቅ የአንድ ከተማ ሰው አይፋቅም። የፋቅኩት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ይኸው ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ ስሙ።

እትዬ አስካለ እሑድ የሚመጣ ሰው መቅረት አለበት አሉ። ለየቤቱ ልደውል አሉ። ቁጥሩን ማየት ስለማይችሉ የደወልኩላቸው እኔ ነኝ። ጎናቸው መሬት ላይ ተቀምጬ፣ ከቆሸሸች ደብተራቸው ስሙን እያነበብኩ፣ እየደወልኩ፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው። ለባለጋሪው ልጅ፣ ለቆዳ ነጋዴው ሚስት፣ በሕይወት ላለው ለአንደኛው መንታ። ለሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ «አስካለ ነኝ። ግድግዳውን በኔ ጥፋት አበላሸሁባችሁ። እሑድ አትምጡ። ይቅር በሉኝ።» አንዳንዱ ያጽናናቸዋል። አንዷ ሴት ጮኸችባቸው፤ ድምጿ ለእኔም ይሰማ ነበር። እሷን እስከ መጨረሻው አዳመጧት።

ደብተሩ አለቀ። ስልኩን መለስኩላቸው። እትዬ አስካለ በግድግዳው ተደግፈው ለመነሳት ሞከሩ፤ እየረዳኋቸው መስሎኝ ክንዳቸውን ያዝኩ። ሊነሱ አልነበረም። ተንበርክከው ወደ እኔ ዞሩ።

«አሁን አንቺ ቀረሽኝ» አሉኝ። «አባትሽን ካንቺ ጋር አጠፋሁብሽ። ሌላ ምስል የለሽም። ይቅር በይኝ ልጄ።» አማርኛው አልበቃ ሲላቸው በእናታቸው ቋንቋ ደገሙት። «ዲፈማ ናፍ ጎዲ፣ ኢንተላ ኮ።» ወደ ጉልበቴ ጎንበስ ሲሉ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወደቀ። አንስቼ መለስኩላቸው። ግንባራቸውን ሳምኳቸው።

«ይቅር ለእግዜር፣ እትዬ» አልኳቸው።